«እመንና እንሂድ»፦ ልጅ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ቤተሰብ የሚሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ፣ የፍተሻው ሰልፍ ውስጥ አንድ አባት አገኘሁ። በፌስታል የተጠቀለለ የመኪና ሊብሬ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘዋል። የወንድማቸው ታክሲ ሊብሬ ነው። ሌሊቱን ሲለማመጡ ያደሩት እሱን ለማግኘት ነው። የ12 ዓመት ልጃቸው ተይዟል፤ ጎረቤት ደግሞ «ዋስ ይጠየቃል» ብሏቸዋል።

«ልጁንስ አገኙት? ምን አለዎት?» አልኳቸው።

«ኧረ እኔ ጣቢያ አልሄድኩም። ታላቁን ልኬ እኔ ሊብሬ ፍለጋ ዞርኩ።»

የመጀመሪያዬ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። ከሜክሲኮ ወደ ልደታ በሚወስደው መንገድ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ጥብቅና ስሠራ 14 ዓመት ሆነኝ። የሚመጡት ልጆች ይለያያሉ። ስልክ ነጥቆ የተባለ አለ፣ በድንጋይ የፈነከተ አለ፣ ምንም ሳያደርግ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ የተያዘ አለ። የቤተሰቡ ስህተት ግን ያው ነው። ስለዚህ አንዴ ጽፌው፣ ለሚመጣው ሁሉ «ይህን አንብቡና ኑ» ልበል ብዬ ነው።

«ዋስ ፈልጉ ተባልን»

ከሊብሬው ልጀምር። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ለወጣት አጥፊዎች የተለየ ክፍል አለው፤ ከአንቀጽ 171 እስከ 180። አጭር ነው። ቡና ተቆልቶ እስኪፈላ አንብባችሁ ትጨርሱታላችሁ። እዚያ ላይ የተጻፈው ልጁ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወዳለው ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ነው። ጉዳዩ በቀጠሮ ከተላለፈ ደግሞ ልጁ ለወላጁ፣ ለአሳዳጊው ወይም ለዘመዱ ይሰጣል። እነሱ ከሌሉ ለታመነ ሰው። የተረከበው ሰው በቀጠሮው ቀን ልጁን ይዞ የመቅረብ ኃላፊነት አለበት።

ስለዚህ ዳኛው ልጁን የሚያስረክበው ሰው ነው የሚፈልገው። መታወቂያ የያዘ፣ ስልኩ የሚነሳ፣ ልጁ የሚሰማው ሰው። እኚያ አባት ሌሊቱን ሊብሬ ሲለምኑ ልጃቸው ጣቢያ ውስጥ ብቻውን ቃል ሰጥቷል። ታላቅ ወንድም መላክም አይሠራም። 19 ዓመት የሞላው ታላቅ ወንድም ለፖሊሱ ሌላ ጎረምሳ ነው።

ጣቢያ ስትሄዱ ደግሞ ልጁ የት ክፍል እንዳለ በዓይናችሁ እዩ። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36፣ የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 53 ልጅ ከአዋቂ ተለይቶ መያዝ እንዳለበት ይናገራሉ። ከአዋቂ ጋር ካገኛችሁት ጮክ ሳትሉ ግን ሳትለቁ ጠይቁ። ፍርድ ቤት ስትቀርቡም ተናገሩ። የሰማው ዳኛ ዝም አይልም።

«ሕፃን ነው፣ ምን ያደርጉታል?»

ይህን የሚሉኝ ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ የ10 ዓመት ልጅ እናት ናት፤ ሁለተኛው የ17 ዓመት ልጅ አባት ነው። ሁለቱም ተሳስተዋል፣ ያውም በተለያየ መንገድ።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሦስት ደረጃ አለው። 9 ዓመት ያልሞላው በወንጀል አይጠየቅም፤ ቤተሰብና ትምህርት ቤት ያርሙታል። ከ9 እስከ 15 ያለው «ወጣት አጥፊ» ይባላል። ይጠየቃል፣ ግን ለአዋቂ የተጻፈው ቅጣት አይነካውም። ለእሱ የተዘጋጁት እርምጃዎች ሌላ ናቸው፤ ሕክምና፣ በክትትል ሥር መማር፣ ተግሣጽ፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተወስኖ መቆየት፣ ሲከፋም ጠባይ ማረሚያ መግባት። መቀጮና እስራት የሚታሰቡት እነዚህ ተሞክረው ሳይሠሩ ሲቀሩ ነው።

ከ15 በላይ ሆኖ 18 ያልሞላው ደግሞ በመደበኛው ሕግ ይዳኛል። አዎ፣ እንደ አዋቂ። ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል። ሁኔታው ወደ ልጅነት ያደላ ከሆነም ለወጣት አጥፊ የተዘጋጀውን እርምጃ ሊወስድለት ይችላል። ሞት አይፈረድበትም። ነገር ግን «ያደርጋል» ማለትና «ሊያደርግ ይችላል» ማለት ይለያያል። የ17 ዓመቱ ልጅ አባት እስከ ቅጣት ቀን ድረስ «ሕፃናት ችሎት ይወስዱታል» እያለ ጠበቃ እንኳ ሳይጠይቅ ቆየ። እኔ ጋ የመጣው ለይግባኝ ነው።

የዕድሜ ነገር

ከላይ ያለውን ካያችሁ፣ በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ወር ምን ያህል እንደምትከብድ ይገባችኋል። የሚቆጠረው ደግሞ ልጁ ፍርድ ቤት የቆመ ቀን ያለው ዕድሜ አይደለም። ድርጊቱ የተፈጸመ ቀን የነበረው ነው።

አሁን እውነቱን እንነጋገር። አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ቤተሰብ ነው የልጁን ዕድሜ ከፍ አድርጎ መታወቂያ ያወጣለት? ታክሲ ላይ ረዳት እንዲሆን፣ ግንባታ ላይ እንዲቀጠር፣ ሴት ልጅ ከሆነች ዓረብ አገር እንድትሄድ። ያኔ ደስ ብሏችሁ ያወጣችሁት ወረቀት ልጁ ሲፈተሽ ከኪሱ ይወጣል። 15 ዓመቱ ነው ብላችሁ ብታለቅሱ መታወቂያው 18 ይላል። ልጁም ራሱ ጉራውን ይነዛል። ጣቢያ ስንት ዓመትህ ነው ሲሉት ደረቱን ነፍቶ «አሥራ ስምንት» ያለ ልጅ አውቃለሁ። ጢሙን ገና በእርሳስ ነው የሚስለው።

ሌላው ደግሞ ልጁ ከተያዘ በኋላ ሮጦ የልደት ምዝገባ የሚያወጣ ነው። የምዝገባው ቀን እኮ ወረቀቱ ላይ አለ! ልጁ የተያዘው ሰኞ፣ ልደቱ የተመዘገበው ሐሙስ። ዳኛ ማንበብ አይችልም ብሎ የነገራችሁ ማን ነው?

የቆየ ነገር ፈልጉ። የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ አንደኛ ክፍል ሲመዘገብ የተሞላ ቅጽ። ማንም ሰው የሦስት ወር ሕፃን ሲያስከትብ ስለ ወንጀል ክስ አያስብም። ስለዚህ ያ ካርድ ይታመናል። ምንም ከሌለ ፍርድ ቤቱ ወደ ሐኪም ይልካል፤ አጥንትና ጥርስ ታይቶ ግምት ይሰጣል። ግምት ነው። ከዚህ እስከዚህ ይሆናል ይላል እንጂ የልደት ቀን አይነግራችሁም።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውጣ። አንድ ልጅ የግል ትምህርት ቤት ነበር፤ የትምህርት ቤቱ መዝገብ በፈረንጅ አቆጣጠር ተጽፏል። ኖቬምበር 20 ቀን 2008። ቸኩዬ ነበር። 8 ቀንሼ ኅዳር 2000 ብዬ ማመልከቻው ላይ ጻፍኩት። ድርጊቱ የተፈጸመው በጥቅምት 2016 መጀመሪያ ስለሆነ፣ በእኔ ሂሳብ ልጁ 16 ሊሞላው አንድ ወር ገደማ ቀርቶታል። እናትየው ማመልከቻውን አጠገቤ ቆማ ስታነብ ቆየችና፦

«ጠበቃዬ፣ እኔ የተዳርኩት እኮ በሚሊኒየሙ ጥር ነው። በኅዳር እንዴት ወለድኩት?»

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ የሚቀነሰው 7 ነው። ከፈረንጆች አዲስ ዓመት በኋላ ነው 8 የሚሆነው። ይህን ደግሞ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። ልጁ የተወለደው ኅዳር 11 ቀን 2001 ነው፤ በዕለቱ 15 አልሞላውም ነበር። በእኔ እጅ መደበኛ ችሎት ሊሄድ ነበር፣ በገዛ ጠበቃው ብዕር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን ሳልጽፍ፣ እናትየውንም ሳላስነብብ ምንም ወረቀት አላስገባም።

«ትንሽ አስፈራሩልኝ»

ሌላው ስህተት ልጅ ሲያስቸግር ጣቢያ ወስዶ ለፖሊስ መስጠት ነው። አንዲት የተክለ ሃይማኖት እናት ልጇ ከቤት 3,000 ብር ወሰደባት። እጁን ይዛ ሄደች። ሐሳቧ አንድ ሁለት ሰዓት አስቀምጠው፣ ገሥጸው፣ ማታ እንዲመልሱላት ነው። በንዴት ግን «ከዚህ በፊት የጎረቤትም ወስዷል» ብላ ጨመረች። ጎረቤቷ ተጠራች። እሷም የራሷ ቂም ነበራት፤ ቃል ሰጠች። መዝገብ ተከፈተ። ማታ እናትየው በሰሃን ምግብ ይዛ «በቃ ይበቃዋል፣ ስጡኝ» ስትል ጉዳዩ ከእጇ ወጥቷል።

ከፍቶ መዝጋት የሚቻለው የራስን ሱቅ ነው። መዝገብ ግን አንዴ ከተከፈተ የሚዘጋው ሌላ ሰው ነው። ልጃችሁን የሚያስፈራ ሰው ከፈለጋችሁ አጎቱን ጥሩ።

አጎት ካልኩ አይቀር።

«እመንና እንሂድ»

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ያዙልኝ።

አጎት ይመጣል። ሁልጊዜ አንድ አጎት አለ። ወይ ከመርካቶ ሱቁን ዘግቶ፣ ወይ ከሥራ አስፈቅዶ፣ ችኩል ብሎ። ኮሪደር ላይ ልጁን ጥግ ይዞ ጆሮው ውስጥ ያንሾካሹካል፦ «አዎ በል። አጥፍቻለሁ ይቅርታ በል። ልጅ ስለሆንክ ይለቁሃል። ዛሬ ቤትህ ታድራለህ።» ከዚያ ሰዓቱን ያያል።

አጎቴ፣ ይስሙኝ። ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 176 ላይ ልጁ የተባለው ተነግሮት፣ ገብቶት፣ ሙሉ በሙሉ ካመነ ፍርድ ቤቱ እዚያው ጥፋተኛ ሊለው ይችላል ይላል። ምስክር አይሰማም። ስልኩን የነጠቀው ማን እንደሆነ አይጠየቅም። «ለማየት አስቸግሮኝ ነበር» የሚለው የግል ተበዳይ አይመረመርም። እርስዎ በአንድ ደቂቃ ሹክሹክታ የጣሉት ነገር ይህ ሁሉ ነው። ለምን? ሱቅዎ ስለተዘጋ!

አንድ የ13 ዓመት ልጅ አስታውሳለሁ። ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ማታ። ከሦስት ልጆች ጋር ነበር። ስልክ ተነጠቀ፣ ሌሎቹ ሮጡ፣ እሱ ቆሞ ቀረ። ሊስትሮ ነው፤ ሣጥኑን ትቶ የት ይሮጣል? ጉዳዩ የሚታየው በዳኛዋ ቢሮ ውስጥ ነው፤ የልጅ ጉዳይ ዝግ ነው፣ ካባም ጭብጨባም የለበትም፣ ሕጉም ራሱ ደንበኛ የችሎት ወግ አያስፈልገውም ይላል። ልጁ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ እግሩ ወለል አይደርስም።

ዳኛዋ የተባለውን በቀስታ ነገረችው። «ገባህ?» አለችው። «አዎ» አለ። «ታዲያ ምን ትላለህ?»

«አጥፍቻለሁ ይቅርታ ይደረግልኝ።» በአንድ ትንፋሽ። እንደ መዝሙር።

ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «እሺ። ስልኩ ምን ዓይነት ነበር?»

ልጁ አጎቱን አየ።

«ቀለሙስ? ጥቁር ነው ነጭ?»

አሁንም አጎቱን አየ። አጎትየው መሬት አየ። እኔም ጠረጴዛው ላይ ያለውን የአበባ ማስቀመጫ አየሁ። ዳኛዋ አጎትየውን ውጭ እንዲጠብቁ አድርጋ እንደገና ጠየቀችው። ልጁ አለቀሰና ያየውን ተናገረ። ስልኩን በእጁ ነክቶት አያውቅም።

ሁሉም ዳኛ ስለ ስልክ ቀለም አይጠይቅም። ቀኑን ሙሉ መዝገብ የተከመረበት ዳኛ «አምኗል» ብሎ ጽፎ ቢያልፍ ሕጉን አልጣሰም። ደግሞስ ልጁ ምን ተማረ? ያላደረገውን አድርጌአለሁ ሲል ትልልቅ ሰዎች ደስ እንደሚላቸው ተማረ። በሁለተኛው ጊዜ ጣቢያ ውስጥ ማንም ሳያስገድደው ያምናል፤ በ16 ዓመቱ ግን የሚጠብቀው ተግሣጽ አይሆንም።

አድርጎት ከሆነስ? አድርጎት ከሆነ፣ ገብቶትም ከሆነ፣ በራሱ ቃል ይናገር። ከጠበቃ ጋር ከተነጋገረ በኋላ፣ በራሱ አፍ። ማመኑ ክፉ አይደለም፤ እኔም ብዙ ልጆችን ሲያምኑ አጠገባቸው ቆሜአለሁ። የማልችለው ነገር አጎት በአፉ ውስጥ የከተተለትን ቃል ሲተፋ ማየት ነው። የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ አለ። ሕፃን አይጨምርም የሚል ነገር አላየሁበትም።

ጠበቃ ደግሞ ገንዘብ ነው እንዳትሉኝ። ወላጅም አሳዳጊም ቀርቦ የማይቆምለት ልጅ፣ እንዲሁም ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት ወይም ሞት በሚያስቀጣ ወንጀል የተጠረጠረ ልጅ፣ ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ሊመድብለት ይገባል። ተከላካይ ጠበቆች አሉ፣ በነፃ ነው። ሐብሏን ሸጣ የመጣችብኝን እናት ወደዚያ ልኬአታለሁ። ሐብሉን ግን አላስመለስንም።

«ታርቀናል እኮ»

የስልኩን ባለቤት ፈልጋችሁ፣ ሽማግሌ ልካችሁ፣ ካሣ ከፍላችሁ ታረቃችሁ። ጎበዝ። ግን በሰላም ገብታችሁ ተኙ ማለት አይደለም። በግል አቤቱታ የሚያስከስሱ ወንጀሎች አሉ፤ ቀላል ድብደባን የመሰለው እዚያ ውስጥ ይገባል፣ ተበዳዩ ከተወው ሊቆም ይችላል። ስልክ ነጠቃ ግን የዚያ ቤተሰብ አይደለም። ባለቤቱ «ትቼዋለሁ» ቢልም ጉዳዩ ሊቀጥል ይችላል። እርቁ አይጠቅምም አላልኩም። በጽሑፍ አድርጉትና ይዛችሁ ቅረቡ፤ ዳኛው እርምጃ ሲመርጥ ይመዝነዋል። ታርቀናል ብሎ ቀጠሮ የቀረ ቤተሰብ ግን ልጁን ፖሊስ ከቤት ሲወስደው አይቻለሁ።

ትንንሾቹ

ጎረቤቱን ሁሉ፣ የዕድሩን ዳኛና የንስሐ አባቱን ይዛችሁ አትምጡ፤ ችሎቱ ዝግ ነው፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ነው የሚቆሙት።

የልጁን ፎቶ ቲክቶክ ላይ ለጥፋችሁ «ፍትሕ ለልጄ» አትበሉ። ችሎቱ የተዘጋው ስሙን ለመጠበቅ ነው፣ እናንተ ደግሞ ለመላው ከተማ ታስተዋውቁታላችሁ።

የአጎት ልጅ ሱፍ አታልብሱት። የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ይበቃል።

ቀጠሮ 3 ሰዓት ማለት ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ያላችሁ ይህን ንገሩት፤ በእኛ 9 ሰዓት ላይ አበባ ይዞ የመጣ አይቻለሁ።

ልጃችሁ ተበዳይ ወይም ምስክር ከሆነ ደግሞ «እንዲህ በይ» እያላችሁ አታስጠኑ። ልደታ ላይ ሕፃን ምስክር የሚሰማው በሌላ ክፍል ሆኖ፣ በካሜራ፣ ባለሙያ እያነጋገረው ነው። ያ ባለሙያ የተጠና ቃል ከሰማ አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም፣ ያውቃል።

ሶሻል ወርከሯ ስትመጣ

ዳኛው ከመወሰኑ በፊት ስለ ልጁ ጠባይ፣ ትምህርትና ኑሮ ከወላጅ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከማኅበራዊ ሠራተኛ መረጃ ይጠይቃል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 54 ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህችን ሴት እንደ ገቢዎች ተቆጣጣሪ ያያታል። ቤት ይጸዳል፣ ሶፋ ከጎረቤት ይመጣል፣ ልጁ «አንደኛ ይወጣል» ይባላል። እሷ ደግሞ ከእናንተ ቤት ስትወጣ ትምህርት ቤቱ ትሄዳለች። ከየካቲት ጀምሮ ክፍል ገብቶ አያውቅም ይሏታል። ከዚያ በኋላ የተናገራችሁት እውነት ሁሉ ይበላሻል።

እንዳለ ንገሯት። አባትየው ይጠጣል? ንገሯት። ልጁ ትምህርት ያቆመው ዩኒፎርም መግዣ ስለጠፋ ነው? ንገሯት። «በክትትል ሥር ቤቱ ሆኖ ይማር» የሚል ውሳኔ የሚመጣው፣ ችግሩ ምን እንደሆነ ከታወቀና የሚከታተል ሰው ከተገኘ ነው። ችግር በሌለበት ቤት የሚያጠፋ ልጅ ግን ለዳኛ እንቆቅልሽ ነው፤ እንቆቅልሹም የሚፈታው ጠባይ ማረሚያ በመላክ ሊሆን ይችላል።

እኔም በዚህ በኩል ተሳስቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ግልፍተኛ አባት ነበሩ። ኮሪደር ላይ ከዘበኛ ጋር ተጣልተዋል። «እርስዎ ቤት ይቆዩ፣ እናትየው ትበቃለች» አልኳቸው። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ። ዳኛው ገና ስንቀመጥ «አባቱስ?» አሉ። «አሉ» አልኩ። «ካሉ ይምጡ። እኔ ልጁን ለማን ነው የምሰጠው?» ቀጠሮው ለሁለት ሳምንት ተላለፈ። በቀጠሮው ቀን አባትየው መጡ፣ ጮኹም፣ ግን ልጁ እሳቸውን ሲያይ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ዳኛውም አዩት። በዚያው ቀን ይዘውት ሄዱ።

«ይግባና ይማር»

የደከማችሁ ወላጆች፣ አውቃለሁ። አንዳንዴ እናት ራሷ ዳኛውን «ማረሚያ ይግባልኝ፣ እዚያ ይማራል» ብላ ትለምናለች። ጠባይ ማረሚያ አዳሪ ትምህርት ቤት አይደለም። ልጁ ከእናንተ ይለያል፣ ከእሱ የባሱ ልጆችንም ያገኛል። ይህ የመጨረሻው አማራጭ እንጂ የመጀመሪያው መሆን የለበትም።

ከገባ ደግሞ አትተዉት። ሄዳችሁ ጠይቁት። ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፤ ፍርድ ቤቱ ያዘዘውን እርምጃ በኋላ ሊለውጠው ይችላል። ልጁ ከተሻሻለ፣ የቤት ሁኔታ ከተቀየረ፣ ማመልከት ይቻላል። ከ15 ዓመት በታች ሳለ በእነዚህ እርምጃዎች የተወሰነበት ልጅም በወንጀል እንደተቀጣ አይቆጠርም። «ልጄ ወንጀለኛ ሆኖ ቀረ» እያላችሁ እፊቱ አታልቅሱ።

ለማመልከት ግን ወረቀት ያስፈልጋል። ሰው ከችሎት ሲወጣ ተቃቅፎ ያለቅሳል፣ ታክሲ ይሳፈራል፣ የውሳኔውን ግልባጭ ሳይወስድ ይሄዳል። ከዓመት በኋላ የመዝገብ ቁጥሩ ጠፍቶት እኔ ጋ ይመጣል። ያኔ ሬጅስትራር ቤት ቆመን «በየትኛው ወር ነበር? ዳኛዋ ቀጭን ነበረች?» እያልን እንፈልጋለን። የሊብሬው አባት ማክሰኞ ዕለት ልጃቸውን ይዘው ሲወጡ በሩ ላይ ደርሼባቸው መለስኳቸው። ቀጠሮው የተጻፈበትን ወረቀት አስወጥተን፣ ከታች ፎቶ ኮፒ ቤት ሦስት ኮፒ አስነሳን። አንዱን ሊብሬው በነበረበት ፌስታል ውስጥ ከተቱት።